ግድግዳችን የታመመ ጊዜ

ስምንት ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ቤታችንን ከመውደቅ አድኛለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የሚስቁ ዘመዶች አሉኝ፤ ይሳቁ። ሳሎኑን በጀርባዬ ደግፌ ያቆምኩት እኔ ነኝ እንጂ እነሱ አይደሉም። ግድግዳው አንዳችም እንዳልነበረበት የሰማሁት በኋላ ነው፤ የጀርባ ሕመሙ ግን የእውነት ነበር።

ቤቱ ውስጥ ሦስት ነበርን። እናትና አባቴ ለሥራ ሩቅ ከተማ ተመድበው ስለነበር የሚያሳድጉኝ የእናቴ አባትና የእናቴ ታናሽ እህት ነበሩ። አያቴ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድቶ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። መኪናውን ካስረከበ ዓመታት ቢያልፉም ሁልጊዜ ከሞተር ድምፅ በላይ ነበር የሚያወራው፤ «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ውጭ መንገደኛ ይደነግጣል። አክስቴ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነበረች። የስፌት መኪናዋ ሳሎኑ ውስጥ፣ ከዚያ ከጉደኛው ግድግዳ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው፤ ከግድግዳው ወዲያ የእሷ መኝታ ክፍል ነው። ምግቡን የምታበስለው፣ ቤቱን የምትጠርገው፣ የአያቴን መድኃኒት በሰዓቱ የምትሰጠው፣ የእኔን ጸጉር እያስለቀሰች የምታበጥረው እሷ ነበረች። መቼ ትተኛ እንደነበር አላውቅም።

አክስቴ ያኔ ሠላሳ ሊሞላት ነበር። እስከዚያ ድረስ ሁለት ሰዎች ሊያገቧት ጠይቀው ነበር፤ ሁለቱንም የሸኛቸው አያቴ ነው። አንደኛው አስተማሪ ነበር። አያቴ ሶፋ ላይ አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ በጥያቄ ሲያጣድፈው ሰውየው መጨረሻ ላይ የገዛ ስሙ ጠፋበት። ሁለተኛው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ነበር፤ እሱ ሻዩን እንኳን ሳይጨርስ፣ ጃንጥላውን ረስቶ ነው የወጣው። እኔ በሁለቱም ቀን ደስ ብሎኝ ጨፍሬአለሁ፤ አክስቴን ማንም እንዲወስድብኝ አልፈልግም ነበር። እሷ ግን በሁለቱም ቀን ስፌቷ ላይ ተደፋች። መኪናው ከወትሮው ይበልጥ ይፈጥን ነበር።

አንድ ክረምት ጣሪያችን አፈሰሰና የሳሎኑ ጥግ ልስን አብጦ ረገፈ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት አያቴ ግንበኛ አስጠራ። የመጣው፣ ሰፈሩ ሁሉ «ቱንቢ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ቱንቢ ማለት ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር የሚንጠለጠል ሹል ብረት ነው፤ ሰውየውም እንደዚያው ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲቆም ቀጥ የሚል። በራችን ግን ዝቅ ያለ ስለነበር ገና ሲገባ ግንባሩን ጓ አደረገው።

«ይቅርታ» አለ፣ ለበሩ።

አክስቴ ሳቋ አመለጣት። አፏን በያዘችው ጨርቅ ከደነችው፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ሰውየው ግንባሩን እያሻሸ እሱም ሳቀ፤ እኔም ምክንያቱ ሳይገባኝ አብሬ ሳቅኩ።

ጥጉን ለመለሰን ግማሽ ቀን በቃው። ዕቃውን ሰብስቦ ሊወጣ ሲል ቆመና ግድግዳውን አየ። ቀጥሎ አክስቴን አየ። ከዚያ እንደገና ግድግዳውን። ከኮርኒሱ ሥር ተነስታ እስከ አክስቴ ትከሻ ከፍታ የምትወርድ፣ ከጸጉር የማትወፍር ስንጥቅ ነበረች።

«ይሄ ነገር ክትትል ያስፈልገዋል» አለ።

«ምኑ?» አለች አክስቴ መኪናዋን ሳታቆም።

«ግድግዳው። እየሄደ ይመስላል።»

«ወዴት?»

«እሱን ነው እንግዲህ የምናየው።»

ከቦርሳው ወረቀት አውጥቶ ሁለት ጣት ስፋት ያላት ቁራጭ ቀደደ፤ ላይዋ ላይ ቀኑን ጻፈና ሁለቱን ጫፎች ሙጫ ቀብቶ ስንጥቋን አሻግሮ ለጠፋት። «ግድግዳው ከተንቀሳቀሰ ወረቀቷ ትቀደዳለች። ደህና ከዋለች ደህና ነው። ነገ መጥቼ አያታለሁ» አለ። ይህ የፈጠራ ነገር አይደለም፤ ግንበኞች የምር የሚያደርጉት ምርመራ ነው። እኔ ግን ለግድግዳ ፋሻ ሲታሰር ያየሁት ያን ቀን ነበር፤ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወረቀቷ ለሁለት ተቀድዳ ነበር። ቱንቢ ደግሞ ፊት ለፊቷ ቆሟል።

«ማን ቀደዳት?» አለ።

«ማን ይቀድዳታል? ግድግዳው ነዋ!» አለች አክስቴ።

ተያዩ። መጀመሪያ እሱ፣ ቀጥሎ እሷ በሳቅ ፈረሱ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቤት ጥሎን እየሄደ ሰው ይስቃል? ዛሬ አክስቴ እንደምትነግረኝ፣ ያን ቀን የልብስ መተኮሻውን ጠረጴዛ ስትጎትት በክርኗ ገጭታ ነው የቀደደቻት። «እውነቱን ብነግረው ኖሮ እኮ ሁለተኛ አይመጣም ነበር» ትላለች።

ከዚያ በኋላ ቱንቢ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ሲመለስ ጎራ ማለት ጀመረ። ሲገባ በሩን ይገጫል፣ የተቀደደችውን ያነሳል፣ አዲስ ይለጥፋል። አያቴ ሶፋው ላይ ሆኖ ከጋዜጣው በላይ ያየዋል፤ «እሺ፣ ሐኪሙ፣ በሽተኛችን እንዴት ዋለ?» ይለዋል። ቱንቢ ያልበዋል። ላቡን ሳይ በሽታው ከባድ መሆኑ ገባኝ።

አንድ ቀን እጁን ይዤ፣ «ግድግዳ እንዴት ነው የሚታመመው?» አልኩት። እሱም ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎት ቤቱን አዞረኝ።

«እስቲ ይሄን አንኳኪ» አለ፣ የውጭውን ግድግዳ።

አንኳኳሁ። ምንም አልተሰማም፤ ጣቴን ብቻ አመመኝ።

«ይሄ ተሸካሚ ነው። ጣሪያውን ይሸከማል፣ ነፋሱን ይመክታል፣ ያን ሁሉ ጭነት ወደ መሠረቱ ያወርደዋል። እሱን ከነካሽ ቤት የሚባል ነገር የለም።» ቀጥሎ ጓሮ ወስዶ ከላይኛው ግቢ ሥር ያለውን የድንጋይ ግንብ አሳየኝ። «ይሄ ደግሞ ደጋፊ ነው። ቤት አይሸከምም፤ አፈሩ ተንዶ እንዳይመጣብን ነው ገፍቶ የያዘው። ለዚህ ነው ታች ወፍራም፣ ላይ ቀጭን የሆነው።»

«ቀዳዳዎቹስ?»

«ውሃው እንዲወጣ። ከኋላው ውሃ ከታቆረበት ግንቡን ይገለብጠዋል። እያለቀሰ ነው ቆሞ የሚኖረው።»

ግንቡ አሳዘነኝና ዳበስኩት።

«ሦስተኛው ከፋይ ግድግዳ ይባላል።»

«ለማን ነው የሚከፍለው?»

ቱንቢ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ክፍልን ከክፍል ነው የሚከፍለው እንጂ ለማንም አይከፍልም! እሱ ምንም አይሸከምም። ራሱን ችሎ ከቆመ ይበቃዋል።»

«የእኛ የታመመውስ የትኛው ነው?»

ቱንቢ ሳቁን ዋጠ። ጉሮሮውን ጠረገ፤ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ፤ አክስቴም መቀሷን ጣለች። «እሱ... እሱ ገና እየተጠና ነው» አለ። መዋሸት የሚባል ነገር አያውቅበትም ነበር፤ ዛሬም አያውቅበትም።

የወረቀቶቹን ምስጢር የሰማሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። አክስቴ የአዝራር ቆርቆሮዋን ከፍታ ያስቀመጠቻቸውን ወረቀቶች አሳየችኝ። ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ቱንቢ ከፊት ቀኑን፣ ከጀርባ ደግሞ፣ ግድግዳው ላይ በሚያርፈው በኩል፣ ለእሷ ይጽፍላት ነበር። እሷ እኔ ከመንቃቴ በፊት ተነስታ ቀድዳ ታነባለች፤ መልሷን በልብስ መቁረጫ ወረቀት ጽፋ የመሣሪያ ቦርሳው ውስጥ ትከትለታለች። ሦስተኛው ወረቀት «የእርስዎ ስፌት ከእኔ ግንብ ይበልጥ ቀጥ ያለ ነው» ይላል። ሰባተኛው ላይ «እርስዎ» ቀረና «አንቺ» መጣ። «ያን ቀን ሁለት ሱሪ በተሳሳተ እግር ሰፋሁ» አለችኝ አክስቴ።

እኔ ግን ይህን ሁሉ በምን አውቄ! ጠዋት ጠዋት ከአልጋዬ ዘልዬ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ነበር የምሮጠው። ወረቀቱ የለም፤ የተለጠፉት ጫፎች ብቻ እንደ ጢም ግራና ቀኝ ቀርተዋል። ይሄ ግድግዳ ይሄዳል፣ አልኩ። ፈራሁ እንዳልል፣ እውነቱን ለመናገር ደስታው አላስቀመጠኝም። በሰፈሩ ውስጥ የሚሄድ ግድግዳ ያለው የማን ቤት ነው? ክር ላይ ድንች አስሬ የራሴን ቱንቢ ሠራሁ። ሰፈሩን ሁሉ ለካሁ። ትምህርት ቤት ይዤው ሄጄ የርዕሰ መምህሩ ቢሮ ግድግዳ ጋደል ማለቱን ደረስኩበትና ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አስተማሪዋ «ድንቹን ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺ» አለችኝ። ሳይንስን የሚያዳምጥ ሰው አልነበረም።

ቤት ውስጥ ግን ሕግ አወጣሁ። ሳሎን ውስጥ መሮጥ የለም፤ እኔንም ይጨምራል። በር በቀስታ ይዘጋል። ማስነጠስ ክልክል ነው። የአያቴ ማስነጠስ እንደ ንግግሩ ነበርና ይህኛው ሕግ የግድ ነው።

«አባባ! ውጭ! ውጭ!»

አያቴ አፍንጫውን በሁለት ጣት ይዞ፣ ነጠላ ጫማው እየተንሸራተተበት፣ ወደ ግቢ ይሮጣል። ከዚያ ሰፈሩን የሚያናውጥ አንድ ድምፅ ይሰማል። «ቆሟል?» ይላል ከውጭ። «ቆሟል!» እለዋለሁ። ሸክሙ እንዲቀልለት ብዬ ከግድግዳው ላይ ሰዓቱንም የቀን መቁጠሪያውንም አወረድኩ።

«ስንት ሰዓት ሆነ?» ይላል አያቴ።

«ቆይ፣ አልጋ ሥር ገብቼ ልይ።»

አንድም ቀን አልተቆጣኝም። ያ በጩኸቱ መንገደኛ የሚያስደነግጥ ሰው ለምን እንደዚያ እንደታዘዘኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ነገሩ ከጨዋታ የወጣው ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋ ከአክስቴ ጋር በአጥር ላይ ስታወራ የሰማሁ ዕለት ነው።

«አንቺ ከዚህ ቤት ከወጣሽ እኮ ይሄ ቤት በቁሙ ፈረሰ በይው!» አለች ጋጋሪዋ።

«አውቃለሁ» አለች አክስቴ። «እሱ አይደል አላስወጣ ያለኝ።»

አጥሩ ሥር ቁጭ ብዬ ነበር፤ ጭንቅላቴ ውስጥ ሁሉ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። የአክስቴ አልጋ ከዚያኛው በኩል ግድግዳውን ተጠግቶ ነው ያለው። የስፌት መኪናዋ ከዚህኛው በኩል። ለካ ቀንም ሌሊትም ይዛው ነው! ለዚህ ነው የትም የማትሄደው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ገበያ በወጣች ቁጥር ሮጬ ሄጄ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ እለጥፋለሁ፤ እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ፣ ጥርሴን ነክሼ፣ እስክትመለስ አልነቃነቅም። አንዴ ክር ልትገዛ ወጥታ ሁለት ሰዓት ቆየች። አያቴ ሶፋው ላይ ጋዜጣ ያነብ ነበር።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቤቱን ይዤ ነው።»

«አይከብድም?»

«ይከብዳል። አክስቴ ስትመጣ ለእሷ እሰጣታለሁ።»

አያቴ ጋዜጣውን ጉልበቱ ላይ አሳረፈ። «አዎ» አለ፣ ሰምቼው በማላውቅ ዝቅ ያለ ድምፅ፣ «ለእሷ ነው የምንሰጣት።» ከዚያ ጋዜጣውን አንስቶ ፊቱን ሸፈነበት፤ ገጽ ግን አልገለጠም።

በሃያኛው ቀን፣ ዓርብ ማታ፣ ቱንቢ ሲወጣ አክስቴ እስከ በር ሸኘችው። እኔ ከበሩ ኋላ ነበርኩ።

«እስከ መቼ ነው እንዲህ የምንቆየው?» አለችው። «ወይ ንገረው፣ ወይ ይብቃ።»

«ነገ እነግረዋለሁ።»

«ነገ ካልነገርከው አብቅቷል። የምሬን ነው። ሦስተኛ ሰው ከዚህ ሶፋ ላይ ሲሸሽ ማየት አልችልም።»

እኔ የያዝኩት «አብቅቷል» የሚለውን ብቻ ነው። ቤቱ አብቅቶለታል፤ ቱንቢ ነገ አያቴን ያረዳዋል።

ቅዳሜ ጠዋት ቱንቢ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። በሩን ገጨ። ሶፋው ላይ፣ የአስተማሪውና የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጠ። አያቴ ፊት ለፊቱ ሆኖ አየው። ቱንቢ ውሃ ጠየቀ፤ ጠጣ። ሁለተኛ ብርጭቆ ጠየቀ፤ ጠጣ። በሦስተኛው ላይ አፉን ከፈተና፣ «ጋሼ...» አለ።

«አቤት!» አለ አያቴ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

«...ወረቀቷን ልቀይራት» አለና ተነስቶ ከሸሚዙ ኪስ አዲስ ወረቀት አውጥቶ ለጠፈ። አክስቴ መኪናዋን አቆመች። ፊቷን አየሁት፤ ሊያለቅስ የደረሰ ሰው ፊት ነበር። በቃ፣ አልኩ፣ መናገር አቅቶት ነው፤ ቤቱ ዛሬ ሊወድቅ ነው። በባዶ እግሬ ወጥቼ ሮጥኩ።

ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ አንዲት የሕንፃ ኢንጂነር ትኖር ነበር። በሯን በሁለት እጄ ደበደብኩት። «ቤታችን ሊወድቅ ነው! ሐኪሙም ተስፋ ቆርጧል!» አልኳት። ሴትየዋ የቅዳሜ ፒጃማዋ ላይ ቢጫውን የራስ ቆብ ደፍታ፣ መዶሻና ማስመሪያ ይዛ ተከተለችኝ። ስንገባ ሦስቱም እንደነበሩ ነበሩ።

«የታለ የታመመው?» አለች።

አያቴ በአገጩ አሳያት። «ጠራሻት?» አለኝ። «ጎበዝ።»

ኢንጂነሯ ግድግዳውን አንኳኳችው፤ እንደ ባዶ ሳጥን ጮኸ። ወንበር ላይ ወጥታ ከኮርኒሱ ሥር ያለችውን ቀጭን ጣውላ ገለጥ አደረገችና ማስመሪያዋን በክፍተቱ አሾለከችው። ማስመሪያው ወዲያ ማዶ አክስቴ አልጋ ላይ ጠብ ሲል ተሰማ።

«አያችሁ? ኮርኒሱን እንኳን አይነካውም። ይሄ ምንም አይሸከምም፤ ከፋይ ነው። ስንጥቁም የልስን ነው፤ ልስን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ከእኔ የበለጠ ጤነኛ ነው።»

«ታዲያ ወረቀቱ ለምንድን ነው በየቀኑ የሚቀደደው?» አልኩ እኔ፣ ሃያ ቀን የደከምኩት ከንቱ ሊሆን ሲል ተናድጄ።

«እሱን ደግሞ እንይ» አለችና ጫፉን በጥፍሯ ይዛ መላጥ ጀመረች።

«ተዪው!» አሉ አክስቴና ቱንቢ እኩል።

ግን ተልጦ አልቋል። ኢንጂነሯ ገለበጠችው፤ ልኬት መስሏት ጮክ ብላ አነበበች። «‹ዛሬ ካልተናገርኩ እንደማታናግሪኝ አውቃለሁ። አባትሽ ፊት ስቀመጥ ግን ምላሴ ይደርቃል። ስንት ዓመት ሙሉ ግድግዳ ሳቆም ኖሬ አንድ ዓረፍተ ነገር ማቆም አቃተኝ።›» ቆም አለች። «ይሄ... የልኬት ወረቀት አይመስለኝም።»

«ፊርማ የለውም?» አለ አያቴ።

«‹ያንቺው፣ ግንባሩ ያበጠው› ይላል።»

አክስቴ ፊቷን በምትሰፋው መጋረጃ ሸፈነች። ቱንቢ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጎብጦ ቆመ።

«አንተ» አለው አያቴ፣ «ይሄን ግድግዳ ማን የሠራው ይመስልሃል?»

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔ! በገዛ እጄ! ልጆቹ ሲያድጉ እናታቸው መኝታ ቤት ክፈልልን አለችኝ፤ በሁለት ቅዳሜ ከፈልኩላት። አንድም ቀጥ ያለ ብሎኬት የለውም፤ ግን አንድ ቀን ታሞ አያውቅም!»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ ወረቀት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»

«ፈርቼ ነዋ!» ብሎ ጮኸ አያቴ። ድምፁ መሃል ላይ ከዳው። «አንተ እኔን ስትፈራ፣ እኔ ደግሞ አንተን ፈራሁ። አፍህን ከከፈትክ መልስ ልሰጥህ ነው። እስቲ ንገረኝ፣ ተሸካሚ ግድግዳ ከቤት ስታነሳ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?»

«ድጋፍ... ድጋፍ አስገባለታለሁ ጋሼ። ጣሪያው እንዳይወርድ።»

«ታዲያ የእኔ ድጋፍ የታለ? እሷን አንስተህ ስትሄድ እኔና ይቺ ሕፃን ላይ ጣሪያው አይወርድም?»

ኢንጂነሯ የራስ ቆቧን አውልቃ ደረቷ ላይ ያዘችው። ያን ጊዜ አክስቴ መጋረጃውን ከፊቷ አወረደችና ተነሳች። እያለቀሰች ነበር፤ ሳቋ ግን በእንባው መሃል ይወጣል።

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አለች። «እኔ ግድግዳ አይደለሁም። ማንም አያነሳኝም። እግር አለኝ፤ በእግሬ ነው የምሄደው! ቤቱ አራት መንገድ ማዶ ነው አባዬ። አሥር ደቂቃ! አንተ ድፍን አገር ስታቋርጥ ኖረህ አሥር ደቂቃ ያስፈራሃል?» ወደ ቱንቢ ዞረች። «አንተም ብትሆን መናገር የነበረብህ ለእኔ ነው። በወረቀት አይደለም፤ በአፍህ።»

ቱንቢ አንድ ነገር አንሾካሾከ።

«አልሰማሁም!» አለ አያቴ።

«ታገቢኛለሽ ወይ!» ብሎ ጮኸ ቱንቢ፣ በከባድ መኪና ድምፅ።

«አዎ በይው!» የሚል የዳቦ ጋጋሪዋ ድምፅ ከአጥሩ ማዶ መጣ።

«አዎ» አለች አክስቴ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ኢንጂነሯ በፒጃማዋ ስትዘል፣ ጋጋሪዋ በአጥር ላይ ዳቦ ስትወረውር፣ ቱንቢ አያቴን ሊያቅፍ ሲሮጥ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ አስታውሳለሁ። እኔም ዘልያለሁ። ሕጌ ሁሉ ተሽሮ ሁሉም ሰው ሳሎን ውስጥ እየዘለለ፣ እየጮኸ፣ ግድግዳው ግን ንቅንቅ አላለም። ዝላዩን አቁሜ አየሁት። የሚሄደው ግድግዳው እንዳልሆነ፣ የምትሄደው አክስቴ እንደሆነች የገባኝ ያኔ ነው። እንባዬ መጣ፤ ማንም ሳያየኝ በክንዴ ጠረግኩት።

አክስቴና ቱንቢ አሥር ደቂቃው እውነት አሥር ደቂቃ መሆኑን ሊያዩ አብረው ወጡ። ኢንጂነሯም ማስመሪያዋን ይዛ ሄደች። ቤቱ ጸጥ አለ። ቀትር ሆነ፤ ምሳ የለም። አያቴ መሃል ሳሎን ቆሞ ስፌት መኪናውን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

«ሽንኩርት መክተፍ ትችያለሽ?»

«አልችልም።»

«እኔም አልችልም» አለ። «ነይ።»

ወጥ ቤት ገባን። አያቴ ያን ሁሉ ዓመት በኖረበት ቤት ቢላዋ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም ነበር። አንዱን መሳቢያ እሱ፣ አንዱን እኔ እየከፈትን ፈለግን፤ ሦስተኛው ውስጥ አገኘነው።